ትምህርት ቤቱ በሰው ይመራልን

ባለፈው ወር ዓይኔን ልታከም ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚኒባስ ስሄድ፣ ከፊቴ ሁለት ጎረምሶች በአንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው ይስቁ ነበር። የደህና ሳቅ መስሎኝ እኔም ፈገግ እያልኩ አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ። የአንዲት ባለሥልጣን ፎቶ ነው። ማን እንደሆነች አላወቅኋትም። ጠቆር ያለች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ማይክራፎን ፊት የቆመች ሴት ናት። ፊቷን ብቻ ትተው ከአንገቷ በታች የዝንጀሮ ገላ ቀጥለውላታል። ከሥሩ የተጻፈውን ያለ መነጽር ማንበብ አልቻልኩም፤ አንደኛው ጮክ ብሎ ሲያነበው ግን ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። ልጁ ዞር ሲል ፊቴን አየና «ቀልድ ነው እኮ፣ እማማ» አለኝ፤ ስልኩንም ሰበሰበው። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ኔትወርክ ጠፋ፤ ወሬያቸው ወደ ኳስ ዞረ። እኔ ግን እንጅባራ እስክንገባ ድረስ በመስኮቱ የሚያልፈውን ባሕር ዛፍ አየሁ እንጂ አላየሁም። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። ከሰማሁት አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ያኔ ከሚስቁት መካከል ነበርኩ ባልልም፣ ዝም ካሉት መካከል ነበርኩ።

ያኔ ዳንግላ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች አብዛኞቹ የጭቃ ነበሩ፤ ቆርቆሯቸው ዝገት ይዞ ከሩቅ ሲታይ የተጠበሰ ዳቦ ይመስላል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ከቦንቦሊኖ ጋር ሃያ ሳንቲም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት በረንዳ እንዞራለን፤ ያኔ ፋሽኑ ሽንሽን ቀሚስ ነው፣ ከወገቡ ጠበቅ ብሎ ከጉልበት በታች የሚወርድ። ወንዶቹ ከታች የሰፋ ሱሪ ይለብሳሉ፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው እስከ ጉልበት ይወጣባቸዋል፣ እነሱ ግን አያሳጥሩትም። ከሙዚቃ ቤቱ ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል፤ ካሴቱ ሲላላ ዘፋኟ ድምፅዋ ወፍሮ ወንድ ትሆናለች፣ እኛ እንስቃለን። የገበያ ቀን ከገጠር የመጡ ፈረሶች በጥላው ሥር ታስረው ጅራታቸውን ያወናጭፋሉ። በየግድግዳው ላይ ስለ እኩልነት የተጻፈ ቀይ ጽሑፍ ነበር፤ ሁላችንም «ጓድ» እንባባል ነበር። የዘመኑን ፖለቲካ ሌላ ያውራው፤ እኔ የማስታውሰው ቀለሙ ዝናብ ሲመታው በግድግዳው ላይ ቁልቁል መፍሰሱን ነው።

የምሠራበት ክፍል ጠባብ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት ቁም ሣጥን፣ አንድ የጽሕፈት መኪና። መኪናዋ አርጅታ «ሰ» ፊደሏ ከመስመር ከፍ ብላ ነበር የምትመታው፤ የትኛውም ወረቀት የኛ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ከዳይሬክተሩ ቢሮ የሚለየኝ አንድ በር ነው። እኔ ራሴ ከአዘና በኩል የመጣሁ የአገው ገበሬ ልጅ ነኝ። አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፣ ቅላፄዬ ላይ ብዙ ተስቆብኛል፤ አንዳንዴ ስናገር ከኋላዬ ደግመው ይሉታል። ይህን የምነግራችሁ ሰው ላይ መሳቅ ምን እንደሚመስል ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም ለማለት ነው። አውቅ ነበር።

ዘሃራ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣችው ክረምት ሲወጣ ነው። ከጫግኒ ወዲያ ከቆላው የጉሙዝ ልጅ ናት። እናቷ ጫግኒ ገበያ ማር እያወጡ ይሸጡ ነበር፤ አንድ የጫግኒ አስተማሪ አስጠግቷት ተማረች፣ ከዚያም የመምህራን ማሠልጠኛ ገብታ በማዕረግ ወጣች። ረጅም ናት፤ ስትራመድ አትቸኩልም። ቡናማ ሹራብ ነበራት፣ ክርኑ ላይ በጥቁር ክር የተሰፋ፤ የዳንግላ ብርድ ለቆላ ሰው እንዴት እንደሚሆን አስቡት። ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ካርታ ሳታይ የዓባይን መንገድ ሰሌዳው ላይ ስትስል ተማሪዎቹ ትንፋሻቸውን ይውጡ ነበር ይላሉ።

ቤት ለመከራየት አራት ቦታ ሄዳ ነበር። ሁለቱ ተከራይ ገብቷል አሏት፤ ክፍሎቹ ግን እስከ ገና ባዶ ነበሩ። አንዷ ሴትዮ ደግሞ ልጆቼ ይደነግጣሉ ብላ መለሰቻት። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት ከከተማው ዳር ጓሮ ያለ ክፍል ሰጠቻት። መምህራን ሻይ የሚጠጡበት ቤት ብርጭቆዋ ለብቻው ነበር፤ የሻይ ቤቱ ባለቤት ሥሩ ላይ የጥፍር ቀለም ቀብታበታለች። ዘሃራ መጀመሪያ ምልክቱን ያላየች መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን አሳላፊዋ ተሳስታ ሌላ ብርጭቆ ስታመጣላት፣ ዘሃራ ራሷ «የኔን ነው የምትሰጪኝ፤ በኋላ ከእመቤትሽ ትጣያለሽ» ብላ መለሰችላት። በዝግታ ነው ያለችው፣ ልጅቷን እንዳይቆጧት ተጨንቃ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቦንቦሊኖዬን እበላ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ዳይሬክተራችን ተዛወረና እሷን በቦታው አደረጓት። ደብዳቤው ሲነበብ የመምህራን ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሹክሹክታው ጀመረ። ወንድ ጠፍቶ ነው ወይ ያሉ ነበሩ። ከወንዱም ከሴቱም ሰው ጠፍቶ ነው ወይ ብሎ የጨመረ ነበር፤ ሳቁበት። የቆላ ሰዎች የሚሰደቡበትን ያንን አሮጌ ቃል ዛሬ ልጽፈው አልፈልግም፤ ያኔ ግን ከመምህራን ክፍል እስከ ዘበኛው ቤት በየአፉ ነበር። ፊቷ ቆመው «ጓድ ዳይሬክተር» ይላሉ፤ በሩን ሲወጡ ቃሉን ይሉታል። እኔ መሐል በር ላይ ስለምቀመጥ ሁለቱንም እሰማለሁ።

ሥራዋን ግን ሠራች። ለሴት ልጆቹ ለብቻቸው መጸዳጃ አስቆፈረች። ጣሪያው ሲያፈስ ወላጆችን ሰብስባ ቀርከሃ አስመጥታ ጠገነችው። ዘግይተው የሚመጡትን ልጆች ከበር አትመልስም፤ ለምን እንደዘገዩ ትጠይቃለች። ወተት ሸጠው የሚመጡ፣ ከብት አሰማርተው የሚመጡ እንዳሉ ያወቅነው ያኔ ነው። ስታዘኝ እንኳ «ጥሩወርቅ፣ ካልደከመሽ» ብላ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ብሎ ያዘዘኝ አለቃ አልነበረኝም።

የሺ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከአዘና መጥተው ዳንግላ ቤት ተከራይተው ከሚማሩት ልጆች አንዷ ናት፤ ቅዳሜ በተገኘው የጭነት መኪና ሄዳ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። የሒሳብ አስተማሪው መንገሻ ይህችን ልጅ ፈተና ላርምልሽ እያለ ቤቱ ይጠራት ጀመር። መንገሻ የተወደደ ሰው ነበር። መልከ መልካም፣ ቀልደኛ፣ የሰርግ ቤት አድማቂ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ የቀሚሷ ትከሻ ተተርትሮ፣ አንድ እግሯ ጫማ ሳይኖረው እየሮጠች ወደ ቢሮ መጣች። ዘሃራ አልነበረችም። እኔ አስገባኋት፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ ነጠላዬን አለበስኳት። በአገውኛ ነው የነገረችኝ፣ አማርኛው ጠፍቶባት። ሁሉንም ነገረችኝ። መንገሻም ጫማዋን በእጁ ይዞ እስከ በሩ ድረስ መጣ፤ እኔን ሲያይ ጫማውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ተመለሰ።

ዘሃራ ስትመለስ ነገርኳት። በዚያው ቀን መንገሻን ከማስተማር አገደችው፤ ለበላይም ጻፈች። ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ።

ሦስት ቀን ሳይሞላ መምህራኑ የራሳቸውን ደብዳቤ ይዘውልኝ መጡ። ዘሃራ ለስብሰባ ባሕር ዳር ሄዳ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ፈርሞበታል፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። በአምስት ካርቦን ምቺልን አሉኝ። ሴትዮዋ የአስተዳደር ችሎታ እንደሌላት፣ ሥልጡን ሰው ማዘዝ እንደማትችል፣ የአንድ የተከበረ መምህር ስም በምቀኝነት እንዳጠፋች ይዘረዝራል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ስለዚህ ትምህርት ቤታችን በሰው ይመራልን።» እዚያ ስደርስ ተሳስቼ ያየሁት መስሎኝ መለስ ብዬ አነበብኩት። የተሳሳተ ቃል አልነበረም። ጽሑፉን ያመጣው ሰውዬ ከኋላዬ ቆሞ ሲጋራውን እያጨሰ ነበር። ጣቶቼ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መታሁት።

እሷ በተመለሰች ማግሥት ጠዋት፣ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተሳለ ዝንጀሮ ነበር። ቡናማ ሹራብ አልብሰውታል፤ ክርኑ ላይ ጥቁሩ ስፌት ሳይቀር አለበት። ፊሽካ በአፉ ነው። ሥዕሉ የልጅ እጅ አልነበረም። ስድስት መቶ ተማሪ ተሰልፏል፤ ከኋላ የተነሳው ሳቅ ወደ ፊት እየመጣ እየበዛ ሄደ፤ መምህራኑም ወደ መሬት እያዩ ይስቃሉ። ዘሃራ ሰሌዳው ፊት ቆማ አየችው። ብዙ አየችው። መዝሙሩ እንዲቀጥል በእጇ ምልክት ሰጠች። ሲያልቅ ስለ ሴሚስተር ፈተና የሚነገረውን ሁሉ ተናገረች። ተማሪው ወደ ክፍል ከገባ በኋላ ዳስተር ይዤ ልሄድ ስነሳ ከመንገሻ ጓደኞች አንዱ አየኝና ቅንድቡን አነሳ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ራሷ በሻሿ ስታጠፋው በመስኮቱ አየኋት።

ከዚያ ወደ ቢሮዋ ጠራችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የደብዳቤው አንዱ ግልባጭ ነበር፤ ከበላይ አካል መልስ ስጪበት ተብሎ ተሰጥቷታል። ጣቷን «በሰው» የሚለው ቃል ላይ አሳረፈች። «ሰ» ከመስመሩ ከፍ ብላለች።

«ጥሩወርቅ፣ እዚህ ስትደርሺ እጅሽ አልቆመም?» አለችኝ።

የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ኮሚቴ ይመጣል፣ ስለኔ ምንም እንድትናገሪ አልጠይቅሽም፣ ስለ ልጅቷ ያየሽውን ብቻ ንገሪያቸው አለችኝ። እሺ አልኳት። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት።

ኮሚቴው ከመምጣቱ በፊት በነበረው እሑድ መንገሻና ሁለት ጓደኞቹ ቤቴ መጡ። አላስፈራሩኝም። ሻይ ጠጡ፤ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ። መንገሻ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንቺ የኛ ሰው ነሽ፣ ለዚያች ብለሽ ራስሽን ከሰው አታውጪ አለኝ። ይኸው ነው። ከሰው እንዳልወጣ ፈራሁ። ስንት ዓመት በቅላፄዬ ሲስቁብኝ ኖረው ለመጀመሪያ ጊዜ «የኛ ሰው» ሲሉኝ፣ ደስ እንዳለኝ ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ኮሚቴው በመምህራን ክፍል ተቀመጠ። ሦስት ወንዶች ናቸው። የሺ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ያቺኑ ቀሚስ ለብሳለች፣ ትከሻው ተሰፍቷል። ጠየቋት፤ አንገቷን ደፍታ በአገውኛ ጥቂት ቃል አለችና አቆመች። ከሰብሳቢው ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ሳቅ አለ። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ። ልጅቷ በዚያ ቀን ወደ ቢሮ መጥታ ነበር ወይ? ዘሃራ ከማዶ ተቀምጣ ታየኛለች። የሺም ቀና ብላ አየችኝ።

«አላየሁም» አልኩ።

በሳምንቱ መንገሻ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ዘሃራን ከሥልጣን አንሥተው ወደ ቆላ አስተማሪ አደረጓት፤ ለወገኖቿ ብትቀርብ ይሻላታል ተባለ፣ እንደ ውለታ። የሺ ደግሞ ቅዳሜ ወጥታ እሑድ አልተመለሰችም። ስሟን ከመዝገብ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ «በራሷ ፈቃድ ያቋረጠች» ብዬ። ዘሃራ የሄደች ቀን መናኸሪያው ድረስ ሄጄ ነበር። የጫግኒ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አንድ ሻንጣና አንድ ጥቅል ፍራሽ ጭነውላት እሷ በር አጠገብ ቆማለች፤ ይዘንባል። ከባልቴቷ በቀር የሚሸኛት ሰው አልነበረም። ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ሆኜ አውቶቡሱ እስኪነሳ አየሁ። ሳልጠራት ቀረሁ።

ከዚያ ኑሮ ሄደ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ። መንገሻ አርጅቶ በሰላም ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር፣ እኔም ነበርኩ። የጽሕፈት መኪናዋ ሄዳ ኮምፒውተር መጣ። አሁን ዳንግላ ፎቅ አለ፤ ባጃጅ የእግረኛን መንገድ ሳይቀር ይዟል። ሻይ ስንት እንደገባ ታውቁታላችሁ። ዘሃራን ግን ረሳኋት ብዬ አላውቅም። ጫግኒ ያለችው የእህቴ ልጅ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቆላው በግጭት ሲታመስ ዘሃራ ከቤቷ ወጥታ እዚያው ጫግኒ ከዘመዷ ጋር እንደምትኖር ነግራኝ ነበር። ሰማሁና ዝም አልኩ። ዝምታ የለመደበት ሰው እንዲህ ነው።

የሚኒባሱ ሳቅ ነው ያስነሳኝ። በሳምንቱ ጫግኒ ወረድኩ። ሙቀቱ ሳንባዬን ያዘው፤ ባጃጁ ከገበያው ጀርባ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ደጅ አወረደኝ። ዘሃራ ማንጎ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ከስታለች፣ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ቁመቷ ግን ተቀምጣም ይታያል። ስሜን ስነግራት «ታይፒስቷ» አለች ወዲያው። ውኃ አስመጣችልኝ። እግሯ ሥር ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ ከለከለችኝ፤ ጉልበቷ ገና አልሄደም።

«እትዬ ዘሃራ፣ ይቅር እንዲሉኝ ነው የመጣሁት» አልኳት። አርባ ዓመት የያዝኩትን ሁሉ ተናገርኩ። የደብዳቤውን፣ የሥዕሉን፣ የመንገሻን ሻይ፣ የመናኸሪያውን ግድግዳ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ፣ ከዚያ በኋላ ቆላ ወርዳ ሃያ ስድስት ዓመት እንዳስተማረች፣ ከተማሪዎቿ ሐኪም የሆኑ እንዳሉ ነገረችኝ። ስለ ራሷ ያለችው ይኸው ነው። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«የሺስ? የሺ የት ደረሰች?»

አላውቅም አልኳት። አዘና አገሬ ነው፤ ለፋሲካም ለሐዘንም ስንቴ ሄጃለሁ። አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዘሃራ ሁለት ደብዳቤ ለልጅቷ ወላጆች እንደላከች፣ መልስ እንዳላገኘች፣ ማንበብ የሚችል እንደሌላቸው ኋላ እንደገባት ነገረችኝ። ከዚያ ዓይኗን ከኔ ሳታነሳ እንዲህ አለች፦

«እኔን ሰው አይደለሽም አሉኝ፤ ሰው መሆኔን ግን አውቅ ነበር። እሷ ልጅ ነበረች፣ ጥሩወርቅ። ታምናቸዋለች።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ይቅር አልልሽምም አላለችኝም። ልሄድ ስነሳ እስከ አጥሩ በር መጥታ ባጃጅ አስቆመችልኝ፤ የምወርድበትን ለሹፌሩ ራሷ ነገረችው፣ እንዳይጠፋብኝ።

በነጋታው አዘና ሄድኩ። የየሺን ቤት ለማግኘት ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም፤ ያን ያህል ቅርብ ነበር። ወንድሟ የሽበት ጢም ያለው ገበሬ ነው፤ ያኔ ሕፃን ነበር። በአገውኛ ሰላምታ ስሰጠው ደስ ብሎት ወደ ቤት አስገባኝ። ስለ የሺ ልጠይቅ ነው የመጣሁት ስለው የያዘውን ጭራ አስቀመጠ። በዚያው ዓመት ነው የጠፋችው አለኝ። ቅዳሜ ቤት መጥታ ትምህርት በቃኝ አለች፤ አባቷ ምክንያቱን ቢጠይቃት አልመልስ አለች፤ ገረፋት። ከዳንግላ የመጣ ሰው ደግሞ፣ ልጅሽ በራሷ ፈቃድ ነው የተወችው፣ ወንድ ለምዳ ነው ብሎ ለእናቷ ነገረ። ሌሊቱን ወጥታ ሄደች። ጅማ ናት፣ ሱዳን ገብታለች ይባል ነበር፤ ወሬ ነው። አንድም ቀን ቃሏ አልመጣም።

ያኔ ነገርኩት። የቀሚሷን ትከሻ፣ ባንድ እግር ጫማ መሮጧን፣ ነጠላዬን፣ ኮሚቴውን። ምን ተጠይቄ ምን እንደመለስኩ ሳልደብቅ ነገርኩት። ጉልበቱን አቅፎ አዳመጠኝ።

«አባታችን ረግሟት ነው የሞተው» አለ። «እናታችን ትለምነው ነበር፤ በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ እንኳ ከርግማኑ እንዲፈታት ቄሱ ጠይቀውት ነበር። እምቢ አለ። አሳፍራኛለች ብሎ እምቢ አለ።»

ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ከደጃፉ ባሻገር እርሻው ዳር ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ሚስቱ የቀረበውን ምግብ ብዪ አለችኝ፤ እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ጠራችው፤ አልዞረም። ምግቡ በረደ፣ ፀሐይዋም ከቤቱ ጀርባ ገባች፤ እሱ እዚያው ነበር።